ግራፊክስ ራስን ማስተማርና ወሎ ላይ ሥራ መጀመር፦ ከላፕቶፑ እስከ መጀመሪያው ደንበኛ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ የትም ብትሄዱ ነገሩ ያው ነው። አንድ ወጣት ላፕቶፕ ያገኛል፣ ፎቶሾፕ ያስጭናል፣ ለወራት ዩቲዩብ ያያል። የሰው ፎቶ ላይ እሳት ማስነሳት ይችላል። ከዚያ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት "እስቲ አንድ ካርድ ሥራልኝ" ሲለው ይጨነቃል። ሠርቶ ቢወስድም ማተሚያ ቤት ሲደርስ ፊደሉ ተለውጧል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሲቆረጥ ደግሞ የስልኩ የመጨረሻ ቁጥር አብሮ ሄዷል። ደንበኛው አይመለስም፤ ልጁም ይተወዋል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ፕሮግራሙን ተማሩ እንጂ ሥራውን አልተማሩም። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከመጨረሻው ተነስቼ ነው ያዘጋጀሁት፦ ታትሞ እጃችሁ ላይ ከሚገባው ወረቀት። እያንዳንዱን ደረጃ ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የሚከፈልበት ካርድና ፖስተር መሥራት ይችላል። አብሽሩ፣ ይቻላል።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

### ላፕቶፑ

አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣኑ ዲስክ) ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለሎጎ፣ ለካርድና ለፖስተር ይበቃል። ገንዘብ ካጠራችሁ ፕሮሰሰሩን ትታችሁ ኤስኤስዲው ላይ አውጡት።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሻጩ ፊት እነዚህን ፈትሹ፦

1. ቻርጀሩን ንቀሉትና ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ እዩ። በአስር ደቂቃ ውስጥ ብዙ ከወረደ በዋጋው ተከራከሩ።
2. ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስክሪን ቀለም ያሳስታችኋል።
3. ኮንትሮልና ሺፍት ቁልፎቹ በደንብ ይጫኑ እንደሆነ ሞክሩ። ቀኑን ሙሉ የምትጫኑት እነሱን ነው።

ማውዝ ግዙ። በታችፓድ መስመር ማስተካከል ጊዜያችሁን ይበላል፣ እጃችሁንም ያማችኋል። የመሳያ ታብሌት ግን ለአሁኑ አያስፈልግም፤ ብሩን ለናሙና ህትመት አስቀምጡት።

### መብራት ሲሄድ

መሄዱ አይቀርም። ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ፕሪፈረንስስ በሚለው የማስተካከያ ሜኑ ውስጥ አስተካክሉ። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ልማድ ነው፦ አንድ ነገር ባስተካከላችሁ ቁጥር ኮንትሮል እና ኤስ። ሥራ ስትጨርሱ ደግሞ ፋይሉን ሦስት ቦታ አድርጉ፦ ላፕቶፑ ላይ፣ ቤት በሚቀር ፍላሽ ላይ፣ እንዲሁም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ በፋይል መልክ ልካችሁ። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይበላሻል፤ ሦስቱ ባንድ ቀን አይጠፉም።

### ፕሮግራሙ

አንድ ብቻ ምረጡ። የእኔ ምክር ኢንክስኬፕ የሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ቀላል ማሽን ላይ ይሠራል፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የሚያወጣውን ፒዲኤፍ ደግሞ ማተሚያ ቤቶች በኢሉስትሬተርም ሆነ በኮረልድሮው ይከፍቱታል። ለፎቶ ማስተካከያ ጊምፕን ጨምሩ፤ እሱም ነፃ ነው። ሁለቱንም ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርዱ። ዳታ ውድ ከሆነባችሁ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ፕሮግራሙንም የትምህርት ቪዲዮውንም ባንድ ሌሊት ጨርሱ።

"ግን ሁሉም የሚሠራው በፎቶሾፕና በኢሉስትሬተር ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙው እንደዚያ ነው። ግን በየሱቁ የሚገለበጠው የተሰበረ ቅጂ ከቫይረስ ጋር ሊመጣ ይችላል፣ ድንገትም መሥራት ያቆማል፤ ሥራ ማስረከቢያ ቀን ላይ ሲቆም የሚያዝንላችሁ የለም። መሠረቱን ኢንክስኬፕ ላይ የያዘ ሰው ወደፊት ሌላውን በቶሎ ይለምዳል። ሐሳቡ አንድ ነው፣ የሚለየው የቁልፎቹ ቦታ ነው።

### ፎንትና ኪቦርድ

ዛሬውኑ ሁለት ነገር ጫኑ። አንደኛው የአማርኛ ኪቦርድ፤ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ አለ፣ ካልተመቻችሁ ኪማን የሚባለውን ጫኑ። ሁለተኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ የሚባሉ ፎንቶች (የፊደል ዓይነቶች)። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፣ ለንግድ ሥራም መጠቀም ይፈቀዳል። ከየቦታው መቶ ፎንት አትሰብስቡ።

## ደረጃ 2፦ መስመርና ቅርጽ

መጀመሪያ ይህን ለዩ። ፎቶ በነጥቦች የተሠራ ነው፤ ስታሳድጉት ይፈርሳል። የኢንክስኬፕ ሥዕል በስሌት የተያዘ መስመር ነው፤ ከካርድ እስከ ሕንፃ ግድግዳ ብታሳድጉት አይፈርስም። ስለዚህ ሎጎ ሁልጊዜ በኢንክስኬፕ፣ ፎቶ በጊምፕ። ይህን የገለበጠ ሰው ሎጎውን በፎቶሾፕ በትንሹ ሠርቶ፣ ባነር ሲታዘዝ ሁሉን ነገር እንደገና ይጀምራል።

ልምምዱ እንዲህ ይሂድ፦

1. የመጀመሪያ ቀናት ክብና አራት ማዕዘን ብቻ። ሁለት ቅርጾችን ደራርባችሁ አንዱን በአንዱ ቁረጡ፣ ሌላ ጊዜ አዋህዷቸው። ከፓዝ ሜኑ ውስጥ ዩንየን እና ዲፈረንስ የሚሉት ናቸው። ብዙ ሎጎ ከዚህ አይዘልም። ጀበና ከክቦችና ከአንድ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ሞክሩት።
2. ከዚያ የብዕር መሣሪያው። ቤት ውስጥ ያለ የሳሙና መጠቅለያ ወይም የክብሪት ፓኮ በስልክ አንሱ፣ ወደ ኢንክስኬፕ አስገቡ፣ ምስሉን አደብዝዛችሁ ሌየሩን (ምስሉ ያለበትን ንብርብር) ቆልፉ። ከላዩ በብዕሩ ተከትላችሁ ሳሉ።
3. አንዱን ስትጨርሱ ሌላ ያዙ። የሱቅ ሰሌዳ፣ የውሃ ላስቲክ፣ የትምህርት ቤት አርማ። በቀን አንድ።

ምስሉን በራሱ ወደ መስመር የሚቀይር ትሬስ የሚባል መሣሪያ አለ። ለጊዜው አትንኩት። ውጤቱ በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦች ያሉት ዝብርቅርቅ ነው፣ እጃችሁም ምንም አይማርም።

በልምምድ የሳላችሁት የሌላ ድርጅት ምልክት የእናንተ ሥራ አይደለም። አታሳዩት፣ አትሽጡት።

### ካልሠራ

- *መስመሩ ከተንቀጠቀጠ፦* ነጥብ አብዝታችኋል። በነጥብ ማስተካከያው ግማሹን አጥፉ። ክብ ነገር ላይ ነጥብ የሚቀመጠው ዳርና ዳሩ፣ ላይና ታቹ ላይ ነው።
- *ቀለሙ ከቅርጹ ወጥቶ ከፈሰሰ፦* ቅርጹ አልተዘጋም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ መርጣችሁ አገናኙ።
- *ሎጎው ሲተልቅ መስመሩ ቀጭን ሆኖ ከቀረ፦* መስመሩን ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ ኮንትሮል፣ አልት እና ሲ። ከዚያ ሁሉም ባንድነት ያድጋል።

## ደረጃ 3፦ የግዕዝ ፊደል

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በእንግሊዝኛ የተሠራ ማንኛውም ትምህርት ይህን አይነግራችሁም፤ የደንበኞቻችሁ ሥራ ግን አብዛኛው አማርኛ ነው።

መጠን። ፊደሎቻችን ውስጣቸው ጠባብ ነው። ጭ፣ ጬ፣ ኟ፣ ሕ የሚባሉትን በትንሹ አትሙና እዩ፤ ቀለሙ ክፍተቱን ይሞላዋል። ካርድ ላይ የፎንቱ መጠን ከ8 ነጥብ (ፖይንት) በታች አይውረድ። ከዚያ በታች ካልሆነ አይገባም ካላችሁ ጽሑፉን ቀንሱ እንጂ ፊደሉን አታሳንሱ።

የውሸት ድምቀት። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ዓይነት ከሌለው ፕሮግራሙ ዙሪያውን መስመር ጨምሮ ያወፍረዋል። በስክሪን ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይደፈናል። ኖቶ የራሱ ደማቅ ስላለው እሱን ተጠቀሙ። ማዝመምም እንደዚሁ ነው፤ አማርኛ ፊደል ሲዘም ያስጠላል። ማጉላት ከፈለጋችሁ መጠን ወይም ቀለም ለውጡ።

የመስመር ርቀት። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ሰፋ ያለ የመስመር ርቀት ይፈልጋል። ከፊደሉ መጠን 1.4 እጥፍ ጀምራችሁ በዓይናችሁ አስተካክሉ።

የድሮ ፎንት ችግር። ደንበኛ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ዶክመንት ያመጣላችኋል። ስትከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ስላልተጻፈ ነው። አጭር ከሆነ እንደገና ተይቡት። ረጅም ከሆነ ደንበኛው ከራሱ ኮምፒውተር በፒዲኤፍ አውጥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁና እያያችሁ ጻፉ። ለዚህ ትየባ ዋጋ አስከፍሉ፤ ሥራ ነው።

የስም አጻጻፍ። ጸጋ ነው ፀጋ? ሠላም ነው ሰላም? በራሳችሁ አትወስኑ። የንግድ ፈቃዱን ፎቶ አስልኩና እዚያ ላይ እንዳለ ጻፉ። በሌላ ሆሄ የተጻፈ ሰሌዳ አይቶ "ይሄ የኔ ስም አይደለም" የሚል ደንበኛ ትክክል ነው።

ዐረብኛና አፋን ኦሮሞ። ወሎ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። የኒካህ ካርድ አናት ላይ ቢስሚላህ ይጻፋል፣ የመድረሳ ባነር ግማሹ ዐረብኛ ነው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ፊደሎቹም ይያያዛሉ። ኢንክስኬፕ ይህን በደንብ ያደርጋል። የቆዩ የፎቶሾፕ ዕትሞች ላይ ግን የጽሑፍ አሠራሩን በፕሪፈረንስስ ካልቀየራችሁ ፊደሎቹ ተበታትነውና ተገልብጠው ሊወጡ ይችላሉ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ያምርለታል። ስለዚህ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ሳያየው ምንም አታትሙ። ለከሚሴ ወይም ለባቲ ደንበኛ በቁቤ ስትጽፉም እንደዚሁ፤ የሚደጋገሙት ፊደላት ስህተት አይደሉም፣ አንዱን ብታጠፉ ትርጉሙ ይለወጣል። ሁልጊዜ ጽሑፉን ከደንበኛው በጽሑፍ ተቀብላችሁ ገልብጡ፣ በስልክ አትቀበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቁርኣን አንቀጽ ወይም የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ሥራ ሲመጣ ወረቀቱ በኋላ የት እንደሚወድቅ ከደንበኛው ጋር ተነጋገሩ። ካርድ ላይ ደህና የሆነው ነገር ሰው የሚረግጠው ፍላየር ወይም የዳቦ መጠቅለያ ላይ ያስቀይማል። ሁለቱም ወገን አብሮ የሚኖርበት አገር ነው፤ ይህን የሚጠነቀቅ ሠሪ ይከበራል።

## ደረጃ 4፦ አቀማመጥና ቀለም

ብዙ አልልም። አንድ ሥራ ላይ ሁለት ፎንት፣ ሦስት ቀለም፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ምን እንደሆነ ወስኑና እሱን ከሌላው በግልጽ አተልቁት። ሌላው ሁሉ ባንድ የግራ መስመር ይሰለፍ። ባዶ ቦታ አትፍሩ። ደንበኛ "እዚህ ጋ ባዶ ነው፣ አበባ ነገር ጨምርበት" ይላል፤ ሳይጨመርበትና ተጨምሮበት ሁለቱንም አትማችሁ አሳዩት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመርጣል።

ፈተናው ቀላል ነው፦ ሥራውን በጥቁርና ነጭ አትሙና ክንድ ርቀት ላይ ያዙት። ካልተነበበ ቀለም አያድነውም።

## ደረጃ 5፦ አንድ ካርድ ከባዶ ገጽ እስከ ማተሚያ ቤት

ይህን ደረጃ ያልሠራ ሰው ግራፊክስ ችያለሁ እንዳይል። የራሳችሁን ቢዝነስ ካርድ ሥሩ፣ አሳትሙ።

1. ገጹ። መጠኑን 96 በ56 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ካርዱ ራሱ 90 በ50 ነው፤ በየጎኑ የተጨመረው 3 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ የሚጣል ትርፍ ነው። ብሊድ ይሉታል። መቁረጫው ትንሽ ሲስት ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ የሚያደርገው እሱ ነው።
2. መመሪያ መስመር። ከየጠርዙ 3 ሚሊ ላይ አንድ፣ 7 ሚሊ ላይ ሌላ። ጽሑፍና ሎጎ ሁለተኛውን መስመር አይለፉ።
3. መደብ። የመደቡ ቀለም ወይም ሥዕል እስከ ገጹ ጫፍ ይሂድ።
4. ጽሑፍ። ስም፣ ሥራ፣ ስልክ፣ አድራሻ። አራት። ጥቁር ጽሑፍ ከአራቱም የህትመት ቀለም ተደባልቆ እንዳይወጣ ለማተሚያው ንገሩ፤ በጥቁሩ ብቻ ይውጣ። አለዚያ ማሽኑ ትንሽ ሲዛነፍ ፊደሉ ጥላ ያወጣል።
5. ፎቶ ካለ። ስፋቱን በፒክስል (ፎቶው በተሠራባቸው ነጥቦች) እዩ። ለህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። ስለዚህ 1,200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በደንብ የሚታተመው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከወጠራችሁት ይፈዛል። ለባነር በኢንች 100 ይበቃል፤ ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው።
6. ሁለት ፋይል። ዋናውን በኤስቪጂ (በኢንክስኬፕ በራሱ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። ከዚያ በሌላ ስም ኮፒ አድርጉና ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ሲ። ማተሚያ ቤቱ ፎንታችሁ ባይኖረውም ፊደሉ አይለወጥም። ይህን ኮፒው ላይ ብቻ አድርጉት፤ ዋናው ላይ ካደረጋችሁት ነገ ስልክ ቁጥር ማስተካከል አትችሉም።
7. ፒዲኤፍ። ከኮፒው ፒዲኤፍ አውጡ። በስልካችሁ ክፈቱት። በሌላ ሰው ስልክም ክፈቱት።
8. ወረቀት። በተራ ፕሪንተር በትክክለኛው መጠን አትሙ፣ በመቀስ ቁረጡ፣ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ስህተቱ እዚህ ይታያል።

### ማተሚያ ቤት ስትሄዱ

ስክሪን ቀለም የሚያወጣው በብርሃን ነው፣ ህትመት ግን በአራት ቀለም። ደማቅ አረንጓዴ፣ ደማቅ ሰማያዊና ብርቱካናማ ወረቀት ላይ ይደበዝዛሉ። ኢንክስኬፕ የሚያወጣው ፒዲኤፍ የስክሪን ቀለም ነው፤ ማተሚያ ቤቱ በራሱ ፕሮግራም እንዲቀይረው ንገሩ፣ ወይም ስክራይበስ በሚባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ራሳችሁ ቀይሩ። በሁለቱም መንገድ አንድ የሙከራ ቅጂ ሳታዩ መቶ አታሳትሙ።

የምትሠሩበትን ፍላሽ አትውሰዱ። ማተሚያ ቤት ያለው ኮምፒውተር የስንቱ ፍላሽ የሚሰካበት ነው፣ ሾርትከት ቫይረስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ፒዲኤፍ ብቻ ያለበት ሌላ ርካሽ ፍላሽ ይኑራችሁ፣ ሲመለስ መጀመሪያ አጽዱት።

ቀለሙ ተበላሽቶ ከወጣ አትጣሉ። ኦፕሬተሩ አጠገብ ቁጭ በሉ፣ በምን ዓይነት ወረቀት፣ በምን ማሽን፣ በምን ቅንብር እንደሚያትም ጠይቁ፣ ጻፉት። ሰላማዊ ከሆናችሁ አንድ ጥሩ ኦፕሬተር ከብዙ ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራችኋል። በትርፍ ጊዜያችሁ ማገዝ የምትችሉበት ማተሚያ ቤት ካገኛችሁ አታመንቱ፣ በነፃም ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት ግቡ።

## ደረጃ 6፦ የሚታይ ናሙና

ደንበኛ "ምን ሠርተሃል?" ሲል የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል። የአሜሪካ ቡና ቤት ሎጎ አትሥሩ። የምታሳዩት ሰው የራሱን ሱቅ ማየት አለበት።

እነዚህን ሥሩ፦ የአንድ ምግብ ቤት ሜኑ፣ የክርስቲያን ሰርግ መጥሪያ፣ የኒካህ መጥሪያ፣ የፋርማሲ ሰሌዳ፣ የማር ወይም የበርበሬ ማሸጊያ ስቲከር፣ የትምህርት ቤት ምረቃ ባነር። ላሊበላ አካባቢ ያላችሁ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን በሁለት ቋንቋ የተሠራ ሜኑ ጨምሩ፤ ዋጋ ሲለወጥ ቁጥሩ ብቻ የሚቀየርበት አድርጋችሁ። ሁሉንም የሌለ ስም ስጧቸውና አሳትሟቸው። በስልክ ከማሳየት የታተመ ማስጨበጥ ይሻላል።

ጊዜውን ተጠቀሙ። የጥር ሰርግ ካርድ የሚታዘዘው ቀደም ብሎ ነው፣ ናሙናው ኅዳር ላይ ይለቅ። የምረቃው ሰኔ ሳይገባ። የረመዳንና የኢድ ፖስተር ወሩ ከመግባቱ በፊት።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ደንበኛ

በእግር ሂዱ። ሰሌዳው የደበዘዘ ሱቅ ፈልጉ። "ሎጎ ልሥራልህ" አትበሉ፤ የእሱን ሰሌዳ በናንተ አሠራር በአንድ ወረቀት አትማችሁ ያዙና "ሐጂ፣ ይህን ለእርስዎ ብዬ ነው የሠራሁት፣ እስቲ ይዩት" በሉ። አልፈልግም ካሉ አመስግናችሁ ካርዳችሁን ትታችሁ ውጡ።

ሲስማሙ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁና ጻፉ፦

- ምን መጠን፣ ስንት ቅጂ፣ መቼ ይፈለጋል?
- ጽሑፉን ማን ይሰጣል? በቴሌግራም ይላክ።
- ሎጎና ፎቶ ካለ በፋይል መልክ ይላክ። በፎቶ መልክ ከተላከ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል።
- የመጨረሻ "ይታተም" የሚለው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አጎትየው፣ ሙሽራውና ሚዜው ሁሉም ካዘዙ ሥራው አያልቅም።

### ዋጋ

"ሰው ስንት ያስከፍላል?" ብላችሁ አትጀምሩ። በወር ለመኖርና ለሥራው የሚያስፈልጋችሁን ደምሩ። በወር ስንት ሰዓት በትክክል የሚከፈልበት ሥራ እንደምትሠሩ ገምቱና አካፍሉ። ለምሳሌ 18,000 ብር የሚያስፈልገው ሰው 90 ሰዓት ቢሠራ ሰዓቱ 200 ብር ነው። ካርዱ ማስተካከያውን ጨምሮ 4 ሰዓት ከፈጀ የዲዛይኑ 800 ብር ይሆናል። የህትመትና የትራንስፖርት ለብቻው ይጻፍ። ደንበኛው ሲከራከር ቁጥሩን ታውቁታላችሁ፤ ከእሱ በታች ከወረዳችሁ ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ ነው።

ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ቀብድ ሳይገባ ላፕቶፕ አይከፈት፤ ለዘመድም ቢሆን። ሁለት ጊዜ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ይከፈላል፤ ይህን ቀድማችሁ ንገሩ።

### ከመታተሙ በፊት

የታተመውን ናሙና ለደንበኛው ስጡና ጮክ ብሎ ያንብበው። ስልክ ቁጥሩ ላይ እዚያው ፊቱ ደውሉ። የሰርግ ካርድ ከሆነ ካላንደር አውጡና ቀኑና ዕለቱ ይገጥሙ እንደሆነ እዩ፤ "እሁድ ጥር 12" ተብሎ ጥር 12 ሌላ ቀን ሲሆን አምስት መቶ ካርድ ይጣላል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ "ይታተም" ብሎ ይፈርም። ቴሌግራም ላይ ቢጽፈውም ይበቃል። ከፊርማው በኋላ የተገኘ ስህተት የእሱ ነው፣ ከፊርማው ወጥቶ እናንተ የቀየራችሁት ደግሞ የእናንተ። የእናንተ ከሆነ ሳትከራከሩ እንደገና አሳትሙ።

### የማትሠሩት

ማህተም ቅዳልኝ፣ ሰርተፊኬት ላይ ስም ቀይርልኝ፣ መታወቂያ አስተካክልልኝ የሚል ሰው ይመጣል። ጥሩ ብርም ይዞ ይመጣል። አትሥሩ። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነው፣ ሰውየው ሲያዝ መጀመሪያ የሚጠራው የእናንተን ስም ነው። የመሥሪያ ቤት ማህተም ሥራ ከመጣ በደብዳቤ ይጠየቅ፣ ለተፈቀደለት ቀራጭ ይሂድ።

ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ፎቶም ዝም ብላችሁ አታትሙ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አገራችንም ላይ አለ። እንደ ፔክስልስና ፒክሳቤይ ያሉ ነፃ ፎቶ የሚሰጡ ገጾችን ተጠቀሙ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ራሳችሁ ማንሳት ነው፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ወይም የሐይቅን ውሃ በስልክ አንስታችሁ የሠራችሁት ፖስተር የትም አይገኝም።

## ደረጃ 8፦ ፈቃድና ደረሰኝ

ሥራው መምጣት ሲጀምር አትዘግዩ። ከገቢዎች የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልጋል። ምን ምን ሰነድ እንደሚጠየቅና በየትኛው የሥራ ዘርፍ እንደምትመዘገቡ መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ ያዙ፣ ከዚያ ቤት ተከራዩ። ቀድማችሁ ከተከራያችሁ ወረቀቱ እስኪያልቅ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መሥሪያ ቤት ያለ ደረሰኝ አይገዙም፤ ቋሚ ሥራ ያለው ደግሞ እነሱ ጋ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ደንበኛ፣ ቀብድ፣ ቀሪ፣ የህትመት ወጪ። የሥራው ብርና የቤት ብር በተለያየ ሒሳብ ይቀመጥ።

### ቀሪውን ካልከፈለ

ዕቃው ከመከፈሉ በፊት ከእጃችሁ አይውጣ። "ነገ በቴሌብር እልካለሁ" ካለ፣ ካርዱ ነገ ይወሰድ። በዲጂታል የሚሰጥ ሥራ ከሆነ ቀሪው እስኪገባ በትንሽ መጠን፣ በላዩ ስማችሁ የተጻፈበትን ብቻ አሳዩ። ሲከፍል ሎጎውን በኤስቪጂ፣ በፒዲኤፍና መደብ በሌለው ፒኤንጂ አድርጋችሁ በአንድ ፎልደር ስጡት፣ ኮፒውን በስሙ አስቀምጡ። ከዓመት በኋላ ፍላሹ ጠፍቶበት ይደውላል፤ ያን ቀን ፋይሉን ማግኘት አለባችሁ።